ቀዩ ኩፓ ወደ ኮተቤ

መስከረም 3 ቀን 1978 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ለገበያ የበቃው «ሱፐር ማሪዮ ብሮስ» የተባለው የቪዲዮ ጌም ኩፓ የሚባሉ ኤሊዎች አሉት። አረንጓዴው ገደል አፍ ቢደርስም ዘው ነው። ቀዩ ግን ጫፉን ሲያይ ዞሮ ይመለሳል።

የመገናኛ ሰው ይህን ለማወቅ ጌም አያስፈልገውም። «ኮተቤ! ኮተቤ!» ብሎ የጫነው ታክሲ ግማሽ መንገድ ላይ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» ይልና ይዞራል፤ ቀይ ኩፓ ማለት እሱ ነው። አረንጓዴው ደግሞ ከእንጦጦ ቁልቁለቱን ፍሬን የሌለው ይመስል ይንደረደራል።

የጌሙ ጀግና ማሪዮ ሲረግጠው ኩፓ ቅርፊቱ ውስጥ ይሸሸጋል። ቅርፊቱን በእርግጫ ቢሉት ግን ግድግዳ ገጭቶ ተመልሶ ረጋጩን ራሱን ይጥለዋል። በመልስ ጉዳይ ከረዳት ጋር የተጣላ ያውቀዋል።

እባካችሁ፣ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት የኤሊውን ቀለም አጣሩ።