ለውሻዬ ወጥ ስቀምስ

የውሻዬ ስም በቃኝ ነው። አያቴ ለጎረቤቱ ፊት ለፊት መናገር ያልፈለገውን ነገር የውሻ ስም አድርጎ ማታ ማታ በአጥሩ በኩል ይጣራው ነበር። እኔም ወጉ እንዳይቀር ብዬ አከራዬን ልሸነቁጥበት አወጣሁት። አከራዬ አልገባቸውም። ውሻውም አልገባውም፤ ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ በቃኝ ሲል አይቼው አላውቅም።

በቃኝ 20 ኪሎ የሚመዝን የሐበሻ ውሻ ነው። የታሸገው የውሻ ምግብ ዋጋ ከእኔ ምሳ ቢበልጥብኝ ቤት ላበስልለት ተነሳሁ። ከሥጋ ቤት ለውሻ ብለው የሚሰጡትን ቁርጥራጭ ከሩዝና ከካሮት ጋር ቀቀልኩ። እስከዚህ ጥፋት የለብኝም። ጥፋቴ ማንኪያ አንስቼ መቅመሴ ነው። አልጫ እንኳን ሊባል አይችልም፤ አልጫ ጨው አለው። «እኔ የማልበላውን እንዴት ለእሱ?» ብዬ ነሰነስኩ። ቀመስኩ፤ ጨመርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስቀምስ ጣመኝና ትንሽ ቆየሁበት። የድስቱን መጉደል ያየች ባለቤቴ «ውሻው በላ እንዴ?» ብትለኝ፣ አዎ አልኳት።

ለጨዉ ደግሞ ማስረጃ ነበረኝ። አያቴ ከብቶቹን አሞሌ ያስልስ ነበር፤ አሞሌውን ይዞ ብቅ ሲል ላሞቹ እየተጋፉ ይመጡ ነበር። «ላም እንዲህ የምትሆንለትን ነገር ውሻ ምን ሆኖ ይጠላል?» እያልኩ ሰፈሩን አስተምሬያለሁ። ላም ሣር በላ ናት፤ ሣር ውስጥ ያለው ሶዲየም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የጎደላትን ከአሞሌው ትልሳለች። ውሻ ግን ሥጋ ሲበላ ሥጋው ከነጨዉ ነው የሚመጣለት። ይህን ሳላውቅ አያቴን ምስክር ቆጥሬ ኖርኩ።

ሁዳዴ ሲገባ ባሰ። እኔ እየጾምኩ ለውሻ ሥጋ ልቀቅል? በቃኝም 55ቱን ቀን ከእኔ ጋር በሽሮ ፍትፍት ተሻገረ። ሽሮው ውስጥ ያለው ጨው ብቻ አይደለም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አለ። ሁለቱ ቢበስሉም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ያኔ እኔ የማውቀው ውሻዬ ጠንካራ ጾመኛ መሆኑን ነበር፤ እሱንም ለሰው ሁሉ አወራሁ።

ወደ ዋናው ነውሬ ልምጣ። በቃኝ ውሃ ይጠጣ ጀመር። ሳህኑን ሞልቼ ዞር ሳልል ይጨርሰዋል። ከዚያ ሌሊት ምንጣፉ ላይ ይሸናል። ሰው ቢሆን ስኳር ይዞታል ብዬ እደነግጥ ነበር፤ ውሻ ስለሆነ ስድ ነው አልኩና መፍትሔ አበጀሁ፦ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የውሃ ሳህኑን ፍሪጅ ላይ ሰቀልኩት። ቧንቧችን በፈረቃ ሲሆን የማላወርደው እርግማን የለም፤ ለበቃኝ ግን ራሴ ፈረቃ አወጣሁለት። ጨው ደም ውስጥ ሲበዛ ውሃን ከሕዋሳት እየሳበ ያደርቃቸዋል፤ ክፉኛ የሚጎዳውም አንጎል ነው። ኩላሊት ትርፉን አጥቦ ለማውጣት ያለው መሣሪያ ውሃ ነው። ውሻው መድኃኒቱን ሲጠጣ እኔ መድኃኒቱን ቁም ሳጥን ላይ እንደሚሰቅል ሰው ሆንኩ። የሚገርመው ሳህኑ ፍሪጅ ላይ እያደረ የምንጣፉ ነገር አልቀነሰም። ይህን ያየ አእምሮ ያለው ሰው አንድ ነገር ይጠረጥር ነበር።

በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ልጄ የምትሆን ወጣት ናት።

«ጋሼ፣ ምን ያበሉታል?»

«ሥጋና ሩዝ።»

«ጨው?»

«ለጣዕም ያህል።»

«ለማን ጣዕም?»

እዚህ ላይ ሰው እውነቱን ይናገራል። እኔ ግን የግቢያችንን ዘበኛ አነሳሁ። ትርፍራፊ ይሰጠዋል፣ ብነግረው አይሰማም አልኩ። ሐኪሟ የበቃኝን ድድ ዳሰሰች፤ የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀችው፤ ወዲያው ተመለሰ። «ጥሩ ነው፣ ውሃ አልተቋረጠበትም» አለች። አመሰገንኳት። ያልሠራሁበትን ምስጋና መቀበል ከድሮም አያስቸግረኝም።

ከዚያ ወረቀት ዘርግታ «ዘበኛው ስንት ያህል ያደርጋል?» አለችኝ። አፍሬ አንድ የሻይ ማንኪያ አፈሰስኩላት፤ 6 ግራም ገደማ። የበቃኝን የሚያህል ውሻ በቀን የሚያስፈልገው ሶዲየም 200 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ በጨው ሲመነዘር ግማሽ ግራም ያህል። እሱንም 300 ግራም የበሬ ሥጋ ብቻውን ሊሸፍነው ይችላል። ለአንድ ኪሎ ክብደት 2 ወይም 3 ግራም ጨው በአንዴ ቢገባበት ይመረዛል፤ ውሃ ከተነፈገ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ይጎዳል። «ውሃ ከተነፈገ» ስትል ግድግዳው ላይ ያለውን የድመት ሥዕል አየሁ። ስንወጣ አጥንት የሌለበት ሥጋ ካልሲየም እንደሚያንሰው፣ የተቀቀለ አጥንት ደግሞ እየተሰነጠረ አንጀት እንደሚወጋ ነገረችኝ። ለዚያ የሰጠችኝን ዱቄት እኔ አልቀመስኩትም፤ ይህ ይመዝገብልኝ።

ቤት ስገባ ባሕታዊ ሆንኩ። ጨው አስወገድኩ፤ ሚዛን ገዛሁ። ውሻ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃዋል ስለተባልኩ ሳህኑን በመለኪያ እየሞላሁ ደብተር ላይ እጽፍ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ከሳህኑ ግማሽ ሊትር አልጎደለም። እሑድ ማታ ሐኪሟ ጋ ደወልኩ፤ «ውሃ አቆመ፣ እየደረቀ ነው!»

«ጋሼ፣ የቀቀሉበት መረቁስ?»

ለካ የቀቀልኩት ምግብ ከመቶ 70 እጁ ውሃ ነው። ውሻዬ ግማሹን ውሃ ሲበላ እኔ ስጽፍ የነበረው የጠጣውን ብቻ ነው። ስልኩን ዘግቼ የራሴን እንቁላል ጠበስኩ፤ ጨዉን ሳልመዝን ነሰነስኩበት። ግፊት አለብህ፣ በቀን ከ5 ግራም አታሳልፍ ከተባልኩ ዓመት አልፎኛል።

ዘበኛውን ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ባለፈው ሐሙስ በረንዳ ላይ ውሃ ስለካ አየኝና ተጠግቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ አይቆጡኝም?»

«ምንድን ነው?»

«ያኔ ሳህኑን ከፍ ሲያደርጉበት፣ ሌሊት በጓዳ መስኮት እየቧጠጠ አላስቀምጥ አለኝ። አሳዘነኝ። ከጀሪካኔ እየቀዳሁ በመስኮቱ እሰጠው ነበር።»

ደብተሬን ዘጋሁ። በቃኝ እግሩ ሥር ሄዶ ተኛ።

«ለዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።