ኧርዝ ስለሚባለው ትርፍ ወጪ

በጎንደር ከተማም ሆነ ከዳባት እስከ ደባርቅና ጃናሞራ በሚዘረጋው ደጋ የኔትወርክ መሣሪያ ሲተከል ከሚጠበቁት ሥርዓቶች ሁሉ ጸንቶ የኖረው፣ የመሣሪያውን የብረት አካል ከመሬት ጋር የሚያገናኘውን፣ በሙያው ሰዎች አጠራር ኧርዝ የተባለውን ሽቦ በጥንቃቄ አለማገናኘት ነው። ይህን ልማድ ስንፍና ነው የሚሉ አሉ፤ ዳሩ ግን ስንፍና የሚባለው ሥራ ሲቀር እንጂ ተጨማሪ ሥራ ተደክሞበት ሲከናወን አይደለምና ሙግታቸው ሚዛን አይደፋም።

ስዊችና ራውተር፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን እርስ በርስና ከውጭው መስመር ጋር የሚያገናኙት መሣሪያዎች፣ የሚቀመጡበት የብረት ካቢኔት ከፋብሪካው ሲመጣ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ተያይዞለት፣ የሽቦውም ጫፍ በመዳብ ቀለበት ተቋጥሮ ይመጣል። ባለሙያው እንዳለ ቢተወው ተንጠልጥሎ ዓይን ስለሚያስከፋ፣ አራት አምስት ጊዜ ጠቅልሎ፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠርንፎ፣ ከካቢኔቱ ኋላ ይሸሽገዋል፤ ቀለበቱም ብሎን ሳይነካው እንዳብረቀረቀ ይኖራል። ሦስት እግር ያለው ስፒና ሲያጋጥመው ደግሞ፣ ሦስተኛው እግር ለኧርዝ የተሠራ መሆኑን እያወቀ፣ ወይ በፒንሳ ይነቅለዋል፣ ወይ ሦስቱን ወደ ሁለት የሚቀይር አዳፕተር ከገበያ ያስገዛል። አዳፕተሩ ደረሰኝ ስላለው ከፒንሳው ይልቅ የፋይናንስ ደንብን ያከብራል። ከዚያ በኋላ ካቢኔቱ ከፊት ለፊቱ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ መብራቶቹ በርተዋል፣ ኬብሎቹ ተበጥረዋል፣ የርክክብ ሰነዱ ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል።

መጻሕፍቱ ግን ሌላ ነው የሚሉት። በ220 ቮልት የሚሠራ መሣሪያ የውስጥ ሽቦው ተልጦ የብረት አካሉን ቢነካ፣ ኧርዝ ካለው ኮረንቲው በዚያው ወርዶ ብሬከሩን ይጥለዋል፤ ከሌለው ግን በመጀመሪያ እጁን የሚያሳርፍበት ሰው የኧርዙን ሥራ ተክቶ ይሠራል። መብረቅም ቢሆን ሕንጻውን በቀጥታ መምታት አያስፈልገውም፤ አንዱ ምት በአብዛኛው 30,000 አምፔር ያህል ስለሚሸከም፣ ራቅ ብሎ ቢወድቅ እንኳ በምሰሶ ላይ በሚያልፍ የመዳብ የስልክ መስመር ወይም ከሕንጻ ወደ ሕንጻ በተዘረጋ የኔትወርክ ኬብል ላይ ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያስነሣል። ይህን ድንገተኛ ጉልበት ወደ መሬት እንዲያወርድ የተሠራው፣ ሰርጅ አሬስተር የተባለው መከላከያ፣ ኧርዝ ካልታሰረለት መውረጃ እንዳልተበጀለት አሸንዳ ነው። በልማዱ ዘንድ ግን መከላከያው የሚገዛው ከነትንሿ መብራቱ ስለሆነ፣ መብራቷ እስከበራች ድረስ ሥራው እንደቀጠለ ይታመናል። ስታቢላይዘርም እንዲሁ፣ የቮልቴጅን ከፍና ዝቅ ማለት ቀስ ብሎ የሚያስተካክል ዕቃ መሆኑ ተረስቶ፣ በሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍልፋዮች ደርሶ ለሚያልፈው መብረቅ ዘብ እንዲቆም ይመደባል።

አልፎ አልፎ ልማዱ ይፈተናል፤ የጨረታ ሰነዱን ያዘጋጀ ሰው ኧርዝ የሚል ቃል አስገብቶ ይገኛልና። በዚህ ጊዜ 2.4 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ መዳብ የተለበጠበት የብረት ዘንግ ተገዝቶ ይመጣል። የሰሜን ጎንደር ተራሮች ከጥንት እሳተ ገሞራ የተነጠፉ የባዛልት አለቶች ስለሆኑና በተዳፋቱ ላይ ያለው አፈር ስስ ስለሆነ፣ ዘንጉ አንድ ክንድ ያህል ገብቶ አለት ይነካል። የምሕንድስናው ትምህርት እንዲህ ባለው ቦታ ቦይ ቆፍሮ በሕንጻው ዙሪያ ራቁት የመዳብ ሽቦ አጋድሞ መቅበርን ይመክራል፤ ልማዱ ግን አቋራጭ አለው። ከመሬት በላይ የቀረው በብረት መጋዝ ይቆረጣል፣ አናቱ በመዶሻ ተቀጥቅጦ አፈር ይለብሳል፣ የዘንጉም ዋጋ በሙሉ ርዝመቱ ይከፈላል። ወደ ደምቢያ ወረድ ሲባል ዘንጉ በዋልካው ውስጥ ያለ ችግር ሰተት ብሎ ይገባል፤ ነገር ግን ዋልካ በበጋ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ዘንጉን ስለሚለቀው፣ በነሐሴ የተለካው በሚያዝያ አይደገምም። ይህም የሚያሳስበው የሚለካውን ሰው ብቻ ነው። ለቴሌኮም መሣሪያ የመሬቱ መቋቋም፣ ማለትም መሬቱ ኮረንቲን ላለማሳለፍ የሚያሳየው እምቢታ፣ ከ5 ኦም ባይበልጥ ይመረጣል፤ መለኪያ መሣሪያም አለው፤ ሆኖም በርክክብ ዕለት ከመለኪያው ይልቅ መቀስና ሪባን በቀላሉ ይገኛሉ።

የተቀበረ መዳብ ይሰረቃል የሚል መከራከሪያም ይሰማል፤ ይህ እንኳ ሐሰት አይደለም። መፍትሔው መዳቡን በኮንክሪት ማልበስ ቢሆንም፣ ከሁሉ የሚያስተማምነው ጥበቃ ከመጀመሪያው አለመቅበር ሆኖ ተገኝቷል።

ጎንደር መብረቅን የማታውቅ ከተማ ብትሆን ይህ ሁሉ ባልተወቀሰ ነበር። በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን የተሠራው የመጀመሪያው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሕንጻ የወደመው በመብረቅ ነው። የዚያን ዘመን ሰዎች ግን ማንም አይከሳቸውም፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊን የመብረቅን ኤሌክትሪክነት ለማሳየት የታወቀውን ሙከራ ያደረገው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1752፣ እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ጎንደርን በሚገዙበት ጊዜ ነበር። ነገሩ ከታወቀ ከ270 ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ የዛሬዎቹ ተካዮች በችኮላ አይታሙም።

የልማዱ ብልኀት ጎልቶ የሚታየው ግን መሣሪያው ከተቃጠለ በኋላ ነው። ኮሚቴ ይሰየማል፣ የከሰለው ስዊች ተገላብጦ ይታያል፣ ይሸተታል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ «በመብረቅ ምክንያት» ተብሎም ይዘጋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1793 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ሊባሉ ከሚችሉት መካከል የመሬት መንቀጥቀጥን፣ መብረቅንና ጎርፍን በስም ስለሚጠራ፣ አስረካቢውም ተረካቢውም በዚህ አንቀጽ ጥላ ሥር ተጠልለው ይድናሉ። ከፊቱ ያለው አንቀጽ 1792 ግን፣ የደረሰው ነገር ባለዕዳው በወትሮው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው ደባርቅ፣ ክረምት ሲገባ ነጎድጓድ እንደሚመጣ አስቀድሞ ሊያስብ ያልቻለ ሰው በምን ሁኔታ የሙያ ፈቃድ እንዳገኘ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ጉዳዩ ግን በአጀንዳ አልተያዘም። ስለዚህ አዲስ ስዊች ይገዛል፣ በዚያው ካቢኔት፣ በዚያው አዳፕተር ላይ ይሰካል፤ ከስዊቹ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባለው የዘንግና የሽቦ ወጪ ደግሞ ገንዘብን አፈር ማልበስ ነው ተብሎ ይሰረዛል።

በርክክብ ሰነድ ላይ የሚፈርሙ ኃላፊዎች ብዕራቸውን ከማንሣታቸው በፊት ከካቢኔቱ ኋላ ዞረው ይዩ፤ ሽቦው በብሎን ካልታሰረ፣ የመሬቱም መቋቋም በደረቁ ወራት ስንት ኦም እንደሆነ ከተለካበት ቀን ጋር ተጽፎ ካልቀረበ፣ አይፈርሙ።