ሁለት ኪሎ በርበሬና አንድ ቁርጭምጭሚት

ካርቱም ወደቅኩ ስላችሁ ከፎቅ እንዳይመስላችሁ። የወደቅኩት ከመሬት ሁለት ስንዝር እንኳ ከማትርቅ በርጩማ ላይ ነው። ባንበር ይሏታል። መቀመጫዋ በገመድ የተጠላለፈ ነው፤ ሻይና ቡና የሚሸጡት ሴቶች ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር ክብ አድርገው ይደረድሯታል። ወሬ የሚሰማው፣ ሥራ የሚጠየቀው፣ የሚከራይ ክፍል የሚገኘው እሷ ላይ ተቀምጦ ነው። ነበር ልበል እንጂ፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጦርነቱ ሲነሣ ያ ጥላ ሥር የነበርነው ሁሉ በየአገሩ ተበታትነናል። ለማንኛውም ባንበር ላይ መቀመጡ አያስቸግርም። መነሣቱ ነው።

በ2010 የፋሲካ ሰሞን ነው። ጅሬፍ የምትኖር አንዲት የአገሬ ልጅ፣ እኅቴ ነው የምላት፣ ደወለችና “ወንድምዬ፣ ከዴም ሁለት ኪሎ በርበሬ ያዝልኝ፤ ለዶሮው ነው፤ ዛሬውኑ አድርስልኝ” አለችኝ። ዴም ማለት ያኔ ሐበሻው የሞላበት ሰፈር ነበር፤ እንጀራ ያማረው ሁሉ እዚያ ነበር የሚሄደው። በርበሬውን ገዛሁ፣ ፌስታል በፌስታል አስደረብኩ፣ ወጣሁ። “ዛሬውኑ” ያለችውን በቅጡ ሰምቼ ቢሆን ወጌ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጥላው ይጣራል፣ አንድ ፍንጃል ብቻ ብዬ ጎራ አልኩ። የሱዳን ቡና ዝንጅብል ይበዛበታል። አዲስ የመጣ ሐበሻ መድኃኒት የሰጡት ይመስለዋል፤ ሲለምደው ያለ ዝንጅብል የተፈላውን ቡና አይለውም። እኔ ከለመድኩት አራት ዓመቴ ነበር።

ጠጥቼ፣ ከፍዬ ልነሣ ስል ተረከዜ ብድግ አለ፤ የቀረው ሰውነቴ ግን አልተስማማም። ቀስ ብዬ፣ እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ፣ ወደ ኋላዬ ተጋደምኩ። ፌስታሉን አልለቀቅኩም፤ ይህ ይመዝገብልኝ። የሳቀብኝ አልነበረም። “ሰላምታክ! ሰላምታክ!” እያሉ ተረባርበው አነሡኝ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ካነሡኝ አንዱ ሱዳናዊ ወጣት ነው። ዴም ሐበሻ ምግብ ቤት ሁለት ዓመት በአስተናጋጅነት ሠርቷል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ኦምዱርማን አንድ የሕንድ ነጋዴ ቤት ይላላክ ነበር። ኦምዱርማን ከጉጃራት የመጡ ሕንዶች ከመቶ ዓመት በላይ የነገዱባት ከተማ ናት። ልጁ እንግዲህ ከአንዱ ቤት አማርኛ፣ ከሌላው ቤት ዮጋ ለቃቅሟል፤ ሁለቱንም እኩል ነው የሚችላቸው። “ጋሼ፣ አንተ ችግር ወገብ አይደለም፤ ቁርጭምጭሚት ነው” አለኝ። “ቁርጭምጭሚት”ን ሳይደናቀፍ የጠራ የውጭ ሰው አይቼ አላውቅም። ያመንኩት በዚህ ብቻ ነው።

ግድግዳ ጋ ወስዶ አቆመኝ። ጣቶቼን ከግድግዳው አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል አራቀና ተረከዜን ሳላነሣ ጉልበቴን እንዳስነካ አዘዘኝ። ጉልበቴ ግድግዳውን ከሩቅ ሰላም እንኳ አላለውም። ልጁ ያለው ልክ ነው፤ ሰው ቁጢጥ ሲል ቅልጥሙ ወደ ፊት ካልዘመመ ክብደቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ባቱ የደረቀ ሰው እንግዲህ ወይ ተረከዙን ያነሣል፣ ወይ እንደኔ ይዘረራል። ተማሪ ሳለሁ ባረፈድኩ ቁጥር ቁጭ ብድግ እየተቀጣሁ ያደግኩ ሰው እዚህ ደረጃ መድረሴ! ግን ሃያ ዓመት ወንበር ላይ ተጎልቶ ሂሳብ መደመር እግርንም ይቀንሳል።

ከቡና ሻጯ ጀርባ አንገረብ ነበር። ጎንደር ውስጥ አንገረብ ወንዝ ነው፤ ካርቱም ውስጥ የገመድ አልጋ ነው። በሁለቱም መስጠም እንደሚቻል ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። በጀርባዬ አስተኛኝ፣ ቀበቶዬን አስፈትቶ እግሬ ጫፍ ላይ ጠመጠመው። ጉልበት ሲዘረጋ የሚሳበው የላይኛው የባት ሥጋ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ለማግኘት ግን ጉልበት መታጠፍ አለበት። ስለዚህ ከጉልበቴ ሥር የሚገባ ድጋፍ ፈለገ። ዙሪያውን ቃኘ፤ ዓይኑ ፌስታሉ ላይ ዐረፈ። ኋላ እንዳነበብኩት ዮጋን በቀበቶና በእንጨት ድጋፍ ለደረቅ ሰው ያገሩት ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር የሚባሉ ሕንዳዊ ናቸው። ስለ በርበሬ የጻፉት ነገር ግን አላጋጠመኝም።

ተረከዜን በመዳፉ ያዘ፣ የውስጥ እግሬን በክንዱ ወደ ቅልጥሜ ገፋ። እኔ አምስት እስክቆጥር እገፋዋለሁ፣ ከዚያ እለቃለሁ፣ እሱ ትንሽ ይጨምራል። ሐቁን ልናገር፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል። “ተማም?” ይላል፤ ደህና ነው ወይ ማለቱ ነው። “ተማም” እላለሁ። በሦስተኛው ቋንጃዬ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። “ተማም?” አለ። አሞኝ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ፤ “ህእ!”

ይህን ድምፅ መቼም ታውቁታላችሁ። ለኛ “አዎ” ነው፤ የውጭ ሰው ሲሰማው ምን አስደነገጠው ይላል። ይህ ልጅ ግን እንደ ሌላው የውጭ ሰው አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ “ሽሮ ልጨምር?” ሲል “ህእ” ሲባል የኖረ ነው። ጨመረ። የባሰ አመመኝ፤ የባሰ ሳብኩ። ሐበሻው እንዴት ቢወደው ነው ብሎ መሰለኝ በሙሉ ክብደቱ ተጫነኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም የሚሉት ለካ እውነት ነው፤ ዝም ብል እኮ ያቆም ነበር። “ኸላስ” ማለት ይበቃ ነበር፤ አራት ዓመት የለቀምኩት ዐረብኛ ግን በዚያች ሰዓት ጥሎኝ ጠፋ።

በመጨረሻ ስትራፖ ያዘኝ። ኳስ የተጫወተ ያውቀዋል፤ ባት እንደ ቡጢ ይጨበጣል። የታመመው እግሬ ሲወራጭ ጤነኛው ሊያግዘው ዘለለና ፌስታሉን በተረከዙ ለቀቀበት።

ካርቱም ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል አለ፤ እንደ ግድግዳ እየገሰገሰ መጥቶ ከተማውን ያጨልመዋል። የኔ ሀቡብ ቀይ ነበር፤ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸት ነበር። ሱዳን ውስጥ ያነጠሰ ሰው “አልሐምዱሊላህ” ይላል፣ የሰማው ደግሞ ይመርቀዋል። ያን ዕለት ሁሉም አንድ ላይ ስላነጠሰ መራቂ ጠፋ። ጀለቢያ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተራ በተራ ሊያዳርሱ ሞክረው ነበር፤ እሳቸውንም ያዛቸው። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ብድግ ስል ቀበቶው እግሬ ላይ ነው፣ ሱሪዬ ደግሞ ቀበቶውን ሊፈልግ ወደ ታች ጉዞ ጀምሯል።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ሳልቸኩል አፍስሼ ለቀምኩ። ከአንገረቡ፣ ከመሬቱ፣ ከቡና ሻጯ ትሪ የተሰበሰበውን ይዤ ራክሻ ተሳፈርኩ። ራክሻ የኛው ባጃጅ ነው፤ እግሬ አልታጠፍ ስላለ አውራ ጣቴ ሜዳ ላይ ሆኖ እየመራን ጅሬፍ ደረስን። እኅቴ ፌስታሉን በእጇ መዘነችው።

“ወንድምዬ፣ ይኼ ሁለት ኪሎ ነው?”

“ህእ” አልኩ። ያን ቀን ከልቤ አዎ ያልኩት ያኔ ብቻ ነበር።

“ምነው፣ አመመህ እንዴ?” አለችኝ።

የፋሲካው ዶሮ ጥርስ ላይ ቅርጭጭ ይል ነበር። እንግዶቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ማንም ምንም አላለም፤ እኔም ሁለቴ አወጣሁ።

በሳምንቱ ቡና ቤቴ ተመለስኩ። ሻጯ ስታየኝ ምንም ሳትናገር ከጎረቤት ሱቅ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አስመጣችና “ተፈደል፣ ያ አሚ” አለችኝ፤ ይቀመጡ አጎቴ ማለቷ ነው። አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሰው ሁሉ ባንበር ላይ ዝቅ ብሎ ያወራል፤ እኔ ከላይ እንደ ዕድር ዳኛ ተሰይሜ አናት አናታቸውን አያለሁ። ልጁ ባንበሩን እየጎተተ መጣና ወደ ላይ አንጋጦ፣

“ጋሼ፣ ሌላው እግር እኮ ቀረ” አለኝ።

ደንግጬ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።