ቀጥታ መስመር

የወላይታ ሶዶ ሰው የባቡር ምልልስ ተቀነሰብኝ ብሎ አያለቅስም። በመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከሞጆ በሻሸመኔ፣ በአርባ ምንጭ አድርጎ ወይጦ የሚደርስ ሐዲድ ተስሎ ነበር። ወረቀቱ ላይ ቀረ፤ ተመስገን ነው። ያልመጣን ባቡር ማን ይቀንሳል? በ2008 ዓ.ም. 41 ባቡሮች የተመረቁለት አዲስ አበቤ ዛሬ ምልልሱ ተቀንሶበት ፌርማታ ላይ አንገቱን ሲያሰግግ ይውላል። የእኛ አንገት ደህና ነው።

መስመር መቁረጡስ ቢሆን መች ቀረብን? ረፋድ ላይ «ቦዲቲ ቀጥታ!» ሲል የነበረ ሚኒባስ፣ መሽቶ ሰልፉ ሲረዝም መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። ረዳቱ መሃል ላይ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «መጨረሻ ነው!» ይላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሚቀጥል ካለ አይውረድ፣ ሂሳብ ብቻ ያዘጋጅ።» መኪናው ያው፣ ወንበሩ ያው፣ ጉዞው ግን አዲስ!

ረዳቱን አትቆጡት፤ ከበላዮቹ የተማረው ነው። በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መሥሪያ ቤቶቹን ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላና ካራት ላይ አከፋፍሏል። አገልግሎት ለሕዝብ ቀረበ ማለት ይህ ነው፤ የትም ብትኖር አንድ ስድስተኛው ደጅህ ነው። ለቀሪው መሳፈር ነው። የዲላው ባለጉዳይማ ዕድለኛ ነው፤ ሶዶ ለመድረስ የሲዳማን ክልል በነጻ ይጎበኛል።

አንድ ሐሳብ ልጨምር፦ መናኸሪያው ሰባተኛ መቀመጫ ይሁን። ባለጉዳዩ እንደሆነ ከወዲሁ እዚያ ነው።