ስኮርታችንን ማን ወሰደብን?

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጡረታው፣ ሲብስም ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያማርራል። እኔን ሰሞኑን ያንገበገበኝ ግን ጎማ ነው፤ ያውም የሰው ጎማ።

የእህቴ ልጅ ቤተሰቡን ሶደሬ ሊያዝናና ከአዲስ አበባ ሲመጣ መልካሳ እኔ ቤት ጎራ አለ። መኪናው ጀርመን ሠራሽ ነው፤ ወንበሩ የተቀማጩን ጀርባ ያሞቃል። ለመልካሳ ሰው የጀርባ ማሞቂያ! ግቢ ሲገባ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቷል። ምንድን ነው ብለው «ጋሼ፣ ጎማው አየር ቀንሶ ነው። ችግር የለውም፣ ራንፍላት ነው» አለኝ። ከየት ጀምሮ እንደበራ ስጠይቀው «ቢሾፍቱን እንዳለፍን» አለ፣ ሻዩን እየማሰለ። በፈጣኑ መንገድ ስንት እየነዳህ መጣህ? «ያው የተፈቀደውን፣ 120።»

እኔ የአሰብን መንገድ በኤን ትሬ የጭነት መኪና የተመላለስኩ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ስኮርታ ሳይዙ ሚሌን ማለፍ ንስሐ ሳይገቡ እንደመሞት ነበር። በቆምንበት ሁሉ ረዳቱ መዶሻ ይዞ ይወርድና ጎማውን አንድ በአንድ እየመታ ያዳምጣል። ጠንከር ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ክሪክ ይወጣል። የዛሬ ጎማ ግን ቢመቱትም፣ ቢረግጡትም፣ ባዶ ሆኖ ሙሉ መስሎ ይቆማል። ዞሬ አየሁት፤ ከሦስቱ ጓደኞቹ የሚለየው ነገር አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የራንፍላት ጎን በወፍራም ጠንካራ ላስቲክ የተደገፈ ነው። አየሩ ሲያልቅ ያ ጎን ራሱ መኪናውን ተሸክሞ ይሄዳል። አምራቾቹም በአብዛኛው የሚሰጡት ፈቃድ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳይበልጡ 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲነዱ ነው። ጀርመን አገር ይህ በቂ ይሆናል፤ በየ80 ኪሎ ሜትሩ ጎማ ሻጭ አይጠፋማ። ከመልካሳ ወደ አዲስ አበባ ብትነሳ ግን 80 ኪሎ ሜትሩ የሚያልቅብህ ዱከም አካባቢ ነው። ዱከም ላይ ጥሬ ሥጋ እንጂ ራንፍላት ሞልቶ አይጠብቅህም። ወደ አሰላ ብትወጣ ርቀቱ ይበቃህ ይሆናል፤ ግን ከዴራ እስከ ኢተያ፣ ከኢተያ እስከ ቁሉምሳ ያለውን ዳገት ባዶ ጎማ አስፈጭተህ ምን ልታተርፍ?

የእህቴ ልጅ ሊያስረዳኝ ሞከረ። «ጋሼ፣ እዚሁ ምርምር ማዕከላችሁ ድርቅ የሚችል በቆሎ አውጥቶ የለ? ይሄም አየር ማጣትን የሚችል ጎማ ነው።» ልጁ የመልካሳን በቆሎ አያውቀውም። በቆሎ ሲጠማው ቅጠሉን ይጠቀልላል፤ ከመንገድ ማዶ ሆነህ ሕመሙን ታያለህ። ይሄ ጎማ ሕመሙን ደብቆ የሚሞት ነው።

ወደ ጎሚስታ ወሰድነው። ደጃፉ ላይ የቆመ አሮጌ ጎማ፣ በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» የተጻፈበት፤ ይህ እንኳ አልተለወጠም፣ ተመስገን። ጎሚስታው የሳሙና ውሃ ረጨበት፤ መርገጫው መሀል ላይ አረፋ ኩፍ አለ። በፒንሳ ምስማር ነቀለና «ፋዘር፣ አምስት ደቂቃ ናት» ብሎ በመርፌ የሚሰካውን የሚያጣብቅ ገመድ አነሳ። አውልቀው አልኩት። «ቱብለስ እኮ ነው ፋዘር፣ ማውለቅ ምን ያደርጋል?» አውልቀው! የእህቴ ልጅ ፊቱን አዞረ፤ በሽማግሌ ዘመዱ ማፈሩ ነው።

ማውለቁ ቀላል አልነበረም። የራንፍላት ጎን እንደ ተራ ጎማ አይታጠፍም። ጎሚስታው ከነረዳቱ በብረት ሲታገለው፣ ቸርኬው እንዳይጫር የእህቴ ልጅ «ቀስ!» እያለ ሲጮህ፣ የጋሪ ነጂዎች ሳይቀሩ ቆመው አዩ። ተላቆ ሲገለበጥ ከውስጡ እፍኝ የሚሞላ ጥቁር የላስቲክ ብናኝ ፈሰሰ። በውስጠኛው ጎን ዙሪያውን የተጨማደደ ቀለበት ወጥቶበታል፤ ጣቴን ሳሳልፍበት ላስቲኩ ተላጠ። ጎሚስታው ገመዱን ራሱ መልሶ አስቀመጠ።

ቀዳዳው ብቻውን ቢሆን መርገጫው መሀል ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠች ከውስጥ በኩል ግንድ ባለው ልጥፍ በደንብ ትደፈናለች። ባዶውን የተነዳ ራንፍላት ግን ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ አምራች ከውስጥ ተመርምሮ ደህና ከሆነ አንድ ጊዜ ይጠገን ይላል፤ ሌላው ጨርሶ አትንኩት ይላል። የተፈጨ ጎን ግን በማንም ዘንድ ልጥፍ የለውም።

ስኮርታ አውጣ አልኩት የእህቴን ልጅ። «የለውም።» ክሪክስ? «እሱም የለውም ጋሼ፣ ራንፍላት ስለሆነ አያስፈልግም ተብሎ ነው።» ተብሎ! ስኮርታ የሚገባበት ቦታ ላይ የልጆቹ የዋና ላስቲክ ተጣጥፎ ተቀምጧል። በኤሌክትሪክ መኪናዎቹም ያው ነው። መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አዳማ በነሱ ሞልታለች፤ ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም፤ የተሰጣቸው ትንሽ አየር መሙያና አንድ ጠርሙስ ሙጫ ነው። ያንን ሙጫ ጎማ ውስጥ ከነፉ በኋላ ለማስጠገን ሲያመጡት ጎሚስታው የሚለውን እዚህ አልጽፈውም።

አዲሱ ጎማ መልካሳ የለም፤ አዳማም በዚያ ቁጥር ጠፋ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ደውሎ ዋጋውን ሲነግሩት የእህቴ ልጅ ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው። አሮጌውን ለበረባሶ ይሆን ብዬ ጠየቅሁ፤ ጎኑ ስለደረቀ እግር ይልጣል አሉኝ። ለበረባሶ እንኳ የማይሆን ጎማ!

መኪናው አሁን ግቢዬ ውስጥ በድንጋይ ላይ ቆሟል፤ ዶሮዎቼ ሥሩ እንቁላል መጣል ጀምረዋል። እናንተ ግን መኪና ስትገዙ የፊቱን ኮፈን ከፍታችሁ ሞተር ከማድነቃችሁ በፊት የኋላውን ክፈቱ። ስኮርታ፣ ክሪክና የጎማ መፍቻ ከሌለው ዋጋውን አስቀንሱና ራሳችሁ ግዙ። ራንፍላት ከሆነባችሁም ቢጫው ሲበራ ከ80 በታች አውርዱና የሚቀርባችሁ ጎሚስታ ጋ ቁሙ። ከውጭ ልሰካው ካላችሁ እሺ አትበሉ፤ አስወልቁና ውስጡን በጣታችሁ ዳስሱ።