ሱበርባን በአረቄ

ሱበርባን የሚባለው ግዙፍ መኪና ጠላቱ ብዙ ነው። ነዳጅ አይጠግብም ይሉታል፤ ሲቆም የሁለት መኪና ቦታ ይወስዳል ይሉታል፤ አንድ ሰው ይዞ ወተት ሊገዛ የሚወጣ አውቶቡስ ነው የሚሉትም አሉ። እነዚህ ምቀኞች የነዳጅ መክደኛውን አላዩትም። በብዙዎቹ ላይ ክዳኑ ቢጫ ነው። ቢጫ ክዳን ያለው መኪና ቤንዚን ብቻ ሳይሆን ኢ85 የሚባለውን፣ አብዛኛው ኢታኖል የሚባል ከበቆሎ የወጣ አልኮል የሆነውን ድብልቅም ይጠጣል። አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ በ2006 እ.ኤ.አ. በትልቅ የማስታወቂያ ዘመቻ እንዳበሰረን፣ ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን ብረት አረንጓዴ የሚሆነው ክዳኑ ቢጫ ሲሆን ነው። ከዚያ ወዲህ የአካባቢ ጉዳይ እንደተፈታ ቁጠሩት።

አገር ቤት አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው በቆሎ የሚበዛባት የአሜሪካ ግዛት የአዮዋ ጥበብ አይጠፋውም። እህሉ ይፈጫል፣ ይጠነሰሳል፣ ይብላላል፣ ከዚያ በእሳት ይጣራል። ልዩነቱ ማገዶው የተፈጥሮ ጋዝ፣ ጠጪው ደግሞ ባለ ስምንት ሲሊንደር መሆኑ ነው። በቆሎው የሚጠግበው የናይትሮጅን ማዳበሪያም የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ማሳውን የሚያርሰው ትራክተር በናፍጣ ይሄዳል። አልኮሉ ውሃ ስለሚስብ በተለመደው የነዳጅ ቧንቧ ለመላክ አይመችም፤ ስለዚህ በባቡርና በቦቴ ይጓዛል። ባቡሩና ቦቴውስ በምን ይሄዳሉ? በናፍጣ። ኢታኖል ለከባድ መኪና ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ብሎ የሚጨነቅ ሰው ካለ ቦቴ ነጂውን ይጠይቅ፤ ጀርባው ላይ እስከተጫነ ድረስ በደንብ ያዋጣል።

ሱበርባኑን ስንጠይቅ ሒሳቡ ይጣፍጣል። አንድ ጋሎን ኢታኖል የያዘው ጉልበት የአንድ ጋሎን ቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ኢ85 ጥቂት ቤንዚን ስላለበት ጉዳቱ ይለዝባል፤ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ለገዢዎች እንደሚነግረው መኪናው በአንድ ጋሎን የሚሄደው መንገድ ከ15 እስከ 27 በመቶ ይቀንሳል። ሩቡን ያጣል እንበል። በቤንዚን በጋሎን 16 ማይል የሚሄደው በኢ85 12 ማይል ይሄዳል። ከ2007 እስከ 2014 የተሠራው ሱበርባን 31 ጋሎን ተኩል ይይዛል። በቤንዚን ፉል ያደረገ ሰው ከዋሽንግተን ኒውዮርክ ደርሶ ይመለሳል፤ 450 ማይል ገደማ ነው፣ ይተርፈዋልም። በኢ85 ፉል ያደረገ ግን 378 ማይል ላይ ያልቅበታል። ሲመለስ ሜሪላንድ ውስጥ ይቆምና ስለ ምድር ሙቀት እያሰላሰለ መጎተቻ ይጠብቃል። ኢ85 የሚቀዳበት ማደያ ፈልግ እንዳንለው፣ በመላው አሜሪካ ካሉት መቶ ሺህ የሚያልፉ ማደያዎች ቢጫውን እጀታ የያዙት ከአራት ሺህ ብዙም አይበልጡም፤ አብዛኞቹም በቆሎው በሚበቅልበት በመካከለኛው ምዕራብ ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ግን ይረክሳል! አዎ፣ ሰሌዳው ላይ ይረክሳል። ቤንዚኑ 3 ዶላር ከ20፣ ኢ85 ደግሞ 2 ዶላር ከ80 ተለጥፎ ሲያይ ልቡ የማይቀልጥ ማን አለ? ጥቁር ሱበርባን ይዘው ከዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ እንግዳ የሚያመላልሱ ወገኖቻችን ግን ልባቸው ደንዳና ነው፤ የሚቆጥሩት ጋሎኑን ሳይሆን ማይሉን ነውና። በዓመት 30,000 ማይል የሚነዳ ሰው በቤንዚን 6,000 ዶላር ይከፍላል፤ በዚያ በረከሰው ኢ85 7,000 ይከፍላል። በጋሎን 40 ሳንቲም እያተረፈ በዓመት አንድ ሺህ ዶላር የሚከስር ነጋዴ በየገበያው አይገኝም፤ ሲገኝ ሊሸለም ይገባል። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ለዓመታት የኢ85ን ዋጋ ከጉልበቱ ጋር እያስተካከለ ያወጣ ነበር፤ የተስተካከለው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከቤንዚን ከፍ ብሎ ይገኝ ነበር። ምቀኛ ማኅበር!

ሐቁን ለመናገር፣ በእርግጥ የረከሰበት ጊዜም አለ። በ2022 ቤንዚን ሰማይ ሲነካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢ85 የቀዱ ሰዎች አትርፈዋል። ትርፉ ግን ከበቆሎው አልፈለቀም። የአሜሪካ ሕግ ነዳጅ አጣሪዎች ላይ የጣለው የባዮነዳጅ ግዴታ ወጪው ወደ ቤንዚን ዋጋ ይዞራል፤ ከዚያ ላይ ተቆርሶ ኢ85ን ያረክሳል። ባለ ቢጫ ክዳኑ የቆጠባትን ሳንቲም ያዋጣለት ቤንዚን የቀዳው ጎረቤቱ ነው ማለት ነው። መልካም ጉርብትና እንዲህ ነው።

ታዲያ ለባለቤቱ የማያዋጣ ነገር እንዴት በሚሊዮን በሚቆጠር መኪና ላይ ተገጠመ? እዚህ ላይ ባርኔጣ ማንሳት ያስፈልጋል። በ1988 የወጣው የአማራጭ ነዳጅ ሕግ ሁለቱንም ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ለሚሠራ ኩባንያ ሽልማት አዘጋጀ። ሕጉ በመጀመሪያ መኪናው ግማሽ ዘመኑን በኢ85 ይሄዳል ብሎ ገመተ፤ ይሂድ አይሂድ ማንም አይጠይቅም። ቀጥሎ አንድ ጋሎን ኢ85 እንደ 0.15 ጋሎን ቤንዚን ይቆጠር አለ። ያ በጋሎን 16 ማይል የሚሄደው ግዙፍ መኪና በዚህ ቀመር ሲሰላ ወደ 27 ማይል ይጠጋል። ብረቱ አልቀለለም፣ ሞተሩ አላነሰም፣ ጠጪነቱም አልቀነሰም። ወረቀቱ ላይ ግን ሱበርባኑ ጾመኛ ሆነ። ኩባንያው ጥቂት ቱቦዎችንና መርጫዎችን አልኮል እንዲችሉ አድርጎ ቀየረ፣ ከመንግሥት የቁጠባ ነጥብ ወሰደ፣ በነጥቡም ተጨማሪ ግዙፍ መኪናዎችን ያለ ቅጣት ሸጠ። ለዚህ ነው ቢጫው ክዳን በትንንሾቹ ላይ ሳይሆን በሱበርባን፣ በታሆና በፒክአፖች ላይ የበዛው፤ ማስመሰያ የሚያስፈልገው ኃጢአት ላለበት ነው። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው እንደሚባለው፣ ብዙ ባለቤቶች መኪናቸው ኢ85 እንደሚጠጣ እንኳ ሳያውቁ ዕድሜ ልካቸውን ቤንዚን ቀዱ። ሽልማቱ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ እስከ 2019 ድረስ ዘለቀ። ነዳጅ ለመቆጠብ የወጣ ሕግ ነዳጅ ጨራሹን ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ሲያበላ እንዲህ ያለ ቸርነት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የአሜሪካ ፖስታ ቤትም ከበረከቱ ተቋድሷል። ከ1999 እስከ 2005 ከሠላሳ ሺህ በላይ ኢታኖል የሚችሉ መኪናዎችን ገዛ። አዲሶቹ መኪናዎች ከተተኩት ጂፖች የገዘፈ ሞተር ነበራቸው፤ ኢ85 የሚቀዳበት ማደያ ደግሞ ብርቅ ነበር። ስለዚህ ከሠላሳ ሺሁ አልኮል የቀመሱት አንድ ሺህ ያህል ብቻ ሆኑ፤ የፖስታ ቤቱ የቤንዚን ፍጆታም ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ጋሎን በላይ ጨመረ። ቤንዚን ለመቀነስ ተነስቶ ቤንዚን መጨመር ቀላል ሥራ አይደለም፤ መሥሪያ ቤትና በጀት ይጠይቃል።

እህሉን ያነሳ ሰው ስሜተ ስስ ይባላል፣ ቢሆንም ላንሳው። ከአንድ ቡሼል በቆሎ፣ 25 ኪሎ ገደማ ማለት ነው፣ 2.8 ጋሎን ያህል ኢታኖል ይወጣል። ሦስት አራተኛው ኢታኖል የሆነ ኢ85 ሱበርባኑ ውስጥ ፉል ሲደረግ ከሁለት ኩንታል የሚያልፍ በቆሎ ገባ ማለት ነው። አንድ ሰው ዓመት ሙሉ የሚበላው ያ ነው፤ የአካባቢ ጉዳይ ተንታኙ ሌስተር ብራውን በ2006 ግድም ይህን ሒሳብ ሲያወጣ ብዙዎች ደስታቸው ተረበሸ። አተላው ለከብት ይመለሳል፣ ከበቆሎው ሲሶ ያህሉ አይባክንም ይሉናል። እውነት ነው፤ የአተላ ነገር ለእኛ አይነገረንም። ሌላው ሁለት ሲሶ ግን ሜሪላንድ ላይ አልቋል።

ፖለቲካውን ባጭሩ ልለፈው፤ አዮዋ በፕሬዚዳንታዊው ፉክክር ለረጅም ጊዜ ቀዳሚዋ መራጭ ስለነበረች፣ ዋይት ሐውስን የሚመኝ ሁሉ በቆሎ ማሳ መሐል ቆሞ ስለ ኢታኖል ፍቅሩን ይናዘዝ ነበር። የተናዘዘ ብዙ ነው፤ ንስሐ የገባው አንድ የቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት አልጎር ይመስለኛል። በ2010 አቴና ላይ ለኢታኖል የሰጠው ድጋፍ ስህተት እንደነበረ፣ ያኔ ለፕሬዚዳንትነት ሊወዳደር ሲያስብ ለራሱ ግዛት ለቴነሲና ለአዮዋ ገበሬዎች የነበረው ልዩ ፍቅርም አንዱ ምክንያት እንደሆነ ተናገረ። ከቀሩት አንዱም እንኳ በሱበርባን አልሄድኩም አላለም።

አገር ቤትም ቢሆን በ2008 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ በቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መደባለቅ ተጀምሮ ነበር። ያ ኢታኖል ግን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ፣ ከስኳሩ ተረፈ ምርት እንጂ ከሰው እንጀራ አልወጣም፤ ሲኖትራኩና አይሱዙውም ናፍጣቸውን ይዘው ቀጠሉ። እዚያ ላይ የምሸሙጠው ብዙ የለኝም።

እንግዲህ ቢጫ ክዳን ያለው ትልቅ መኪና ያላችሁ ወገኖች፣ ማደያ ስትደርሱ ስለ አረንጓዴነት አትጨነቁ፤ የቤንዚኑን ዋጋ በ0.75 አባዙት። ኢ85 ከዚያ በታች ከሆነ ቅዱ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሰሌዳው የፈለገውን ቢል እየከሰራችሁ ነው፤ ቤንዚኑን ቀድታችሁ ሂዱ።