ሰማያዊው አምፖል ጥፋተኛ የሚሆነው መቼ ነው?

በጅቡቲ መስመር የሚመላለስ ተሳቢ በሌሊት ከሩቅ ሲታይ፣ የሠርግ ድንኳን ጎማ ተገጥሞለት የመጣ ይመስላል። ምሁራን ስለ ጭነቱ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ጌጡ ግን ዝም ብለዋል። ይህ ጥናት ተጠርጣሪውን፣ ማለትም አምፖሉን፣ ከመነሻው ይከተለዋል።

አምፖሉ ከቻይና በኮንቴይነር ይመጣና እ.ኤ.አ. በ2018 በተከፈተው የጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና መጋዘን ሊያርፍ ይችላል። ቀጠናው ሲጠናቀቅ 4,800 ሄክታር እንዲሸፍን የታቀደ ስለሆነ ቦታ አያጣም። በጉምሩክ አስተሳሰብ ነፃ ቀጠና ያለ ዕቃ ለቀረጥ ጉዳይ ከአገር ውጭ እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ አምፖሉ ጅቡቲ ተኝቶ ጅቡቲ አልገባም፤ ኢትዮጵያም አልደረሰም። ከዚህ በኋላ እንዲህ ንጹሕ የሚሆንበት ቀን የለም።

ጋላፊን ሲሻገር ማንነቱ ይጠየቃል። የመኪና መብራት ነኝ ካለ የታሪፍ ምድቡ 8512 ነው፤ የገና ዛፍ መብራት ነኝ ካለ 9405። ባለ ብዙ ቀለሙን ገመድ ያየ ሁሉ ማመንታቱ አይቀርም። ለማንኛውም ቀረጡ ይከፈላል፤ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ሶማሌ ተራ በጠራራ ፀሐይ ይሸጣል። እስከዚህ ድረስ መንግሥትና አምፖሉ አልተቀያየሙም።

ጠቡ የሚነሣው ሲበራ ነው። የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ቀይ መብራት ከመኪና ፊት እንዳይታይ ይከለክላል። ቀይ ያየ ሰው የመኪና ጀርባ ያየ ይመስለዋልና መጪውን ሂያጅ ነው ብሎ ይከተለዋል። ሰማያዊውም በብዙ አገር የፖሊስና የአምቡላንስ ነው፤ ሲሚንቶ የጫነ መኪና በዚያ ቀለም ሲመጣ መንገድ የሚለቅለት የዋህ አይጠፋም። በሌላ በኩል፣ ሕግ የሚያስገድደው ፍሬቻ ተቃጥሎ ሕግ ያላዘዘው ጌጥ ሁሉ የሚበራበትን ምክንያት ፊዚክስ ገና አላብራራም።

ከሁሉ የሚከብደው ናሙና ጋቢና ውስጥ ያለው ነው፤ የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል የምታደምቀው አረንጓዴ አምፖል። መንገድ አታሳይም፤ መታጠፊያም አትጠቁም። «አጥፋ!» የሚል ትራፊክ ፖሊስ ማንን እንደሚያጨልም አስቦ መናገር አለበት።

ልምድ ያለው ሹፌር ለጌጡ ለብቻው ማጥፊያ ያስገጥማል። ኬላ ሲቃረብ ጣቱን ይሰድና በአንድ ቅጽበት ሕግ አክባሪ ይሆናል። ትራፊኩ ግን ቀድሞ አይቶት ከሆነ ያስቆመዋል፤ የቅጣት ወረቀቱን ያወጣል፤ በጨለማው መጻፍ ይቸግረዋል። ይሄኔ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ይላል፦

«ጋሼ፣ ሰማያዊውን ላብራልዎት?»